በእጅ የያዙት ወርቅ፦ ፓሳዴና ላይ በነፃ የታለፈው ተጫዋች

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤዝቦል በእግር ኳስ ላደገ ኢትዮጵያዊ ትዕግሥት የሚያስጨርስ ጨዋታ ነው። ዘጠኝ ሰው ሜዳ ላይ ተበታትኖ ይቆማል፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በመጠባበቅ ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆች ግን ጨዋታውን ከመውደድም አልፈው «ፋንታሲ ቤዝቦል» የሚሉትን ይዘው ቤት ገብተዋል። ይኸኛው የተጀመረው በ1980 ሲሆን፣ ዳንኤል ኦክረንት የተባለ ጸሐፊና ወዳጆቹ ኒው ዮርክ ውስጥ «ላ ሮቲስሪ ፍራንሴዝ» በሚባል ምግብ ቤት እየተገናኙ ያወጡት የጨዋታ ደንብ ነው። (ትልልቅ ሐሳብ ከምሳ ጠረጴዛ ላይ እንደሚወለድ የፌርፋክስ ጎዳና ደንበኞችም አያጡትም።) እያንዳንዱ ሰው 260 ዶላር ይዞ በእውነተኞቹ ተጫዋቾች ላይ ይጫረታል። የገዛቸው ሰዎች በእውነተኛው ሜዳ የሚያስመዘግቡት ውጤት ለእርሱ ይቆጠርለታል።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ከጨረታው በኋላ ነው። ማንም ያልገዛው ተጫዋች «ፍሪ ኤጀንት» ይባላል፤ ባለቤት የለውም፤ ቀድሞ ያየው ሰው በከንቱ ዋጋ ይወስደዋል። ጀማሪ የሆነ ሰው አንድ ሳምንት ጥሩ የመታውን አይቶ ይሮጣል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይጸጸታል። የለመደበት ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ቁጥሩ የመጣው ከስንት ጨዋታ ነው? አሠልጣኙ ያሰልፈዋል ወይ? ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መጫወት ይችላል? ዕድሜውስ?

ታዲያ እነዚህ ጥያቄዎች በምናብ ሳይሆን በእውነተኛ ሰው ላይ ተጠይቀው፣ ትክክለኛው መልስ ዓይን ፊት ቆሞ የታለፈበት ቦታ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ፓሳዴና ውስጥ ብሩክሳይድ ፓርክ ይባላል። በ1994 ብራዚልና ኢጣሊያ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተጫወቱበት፣ ሮቤርቶ ባጆ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተበት የሮዝ ቦል ስታዲየም አጠገቡ ነው።

የቺካጎ ዋይት ሶክስ ክለብ በዚያን ዘመን ለበርካታ ዓመታት የጸደይ ልምምዱን የሚያደርገው በዚሁ ፓርክ ነበር። በመጋቢት 1942 ሁለት ጥቁር ወጣቶች ወደ ልምምዱ መጥተው እንዲታዩ ጠየቁ። አንዱ ኔት ሞርላንድ የተባለ ኳስ ወርዋሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው የ23 ዓመቱ ጃኪ ሮቢንሰን ነበር። አሠልጣኙ ጂሚ ዳይክስ አያቸው። ችሎታቸውን አልካደም፤ ጥቁር ተጫዋች ማስፈረም ግን የባለቤቶቹና የሊጉ ኃላፊዎች ጉዳይ እንጂ የእርሱ ሥልጣን እንዳልሆነ ተናግሮ አሰናበታቸው። ጥቁር አይግባ የሚል የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ያልፈረመበት ስምምነት ነበር።

ሮቢንሰን ለፓሳዴና እንግዳ አልነበረም። በ1919 ጆርጂያ ክፍለ ሀገር ተወልዶ በዓመቱ እናቱ ማሊ አምስት ልጆቿን ይዛ ወደዚህች ከተማ መጣች፤ በሰው ቤት እየሠራች በፔፐር ጎዳና አሳደገቻቸው። በዚያው በብሩክሳይድ ፓርክ የነበረው መዋኛ ለጥቁሮች የሚከፈተው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ማክ በነሐሴ 1936፣ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ በገባ በሦስተኛው ወር ገደማ፣ በበርሊን ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦውንስ ቀጥሎ የብር ሜዳሊያ አገኘ። ወደ ፓሳዴና ሲመለስ ያገኘው ሥራ ጎዳና መጥረግ ነበር፤ የኦሊምፒክ ጃኬቱን ለብሶ ይጠርግ ነበር። ዲግሪውን በሻንጣ ይዞ መጥቶ መኪና በማቆም ሥራ የጀመረ አንባቢ የማክን ነገር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እርግጥ ነው፣ ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ጃኪን ቢያልፈው አይፈረድበትም። በ1940 ለዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ሲጫወት፣ በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ጊዜ ወጥቶ አራቱንም መታ። ወቅቱ ሲያልቅ ግን አማካዩ .097 ነበር፤ ከ10 ጊዜ አንዱን እንኳ አልሞላም ማለት ነው። መጀመሪያው ቀን ያታልላል፤ የወቅቱ ቁጥርም ያታልላል። በአራት የስፖርት ዓይነት ዩኒቨርሲቲውን የወከለ፣ በ1938 ገና ኮሌጅ ሳለ 25 ጫማ ከስድስት ኢንች ተኩል የዘለለ ሰው አካሉ ምን እንደሚችል ለማወቅ ከአማካይ ቁጥር አልፎ ማየት ያስፈልግ ነበር።

ያን ያየው የብሩክሊን ዶጀርስ ኃላፊ ብራንች ሪኪ ነው። እስከዚያ ድረስ ሮቢንሰን ጦር ሠራዊት ገብቶ ምክትል መቶ አለቃ ሆኗል፤ በአውቶቡስ ወደ ኋላ ሂድ ሲባል እምቢ በማለቱ በ1944 በጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነፃ ወጥቷል። በሚያዝያ 1945 ቦስተን ሬድ ሶክስ ከሌሎች ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ጋር አይቶት እርሱም አልፎታል። በዚያ ዓመት ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ለሚባል የጥቁሮች ክለብ በወር 400 ዶላር ይጫወት ነበር።

ሪኪ ክላይድ ሱክፎርዝ የተባለውን መልማይ የሰውየውን ክንድ እንዲያይለት ላከ። ከሩቅ የሚወረውር ክንድ ከሌለው በሾርትስቶፕ ቦታ መቆም አይችልምና። ሱክፎርዝ ሲደርስ ሮቢንሰን ትከሻውን ታሞ አልተሰለፈም፤ ክንዱን ሳያይ ሰውየውን ወደ ብሩክሊን ይዞት መጣ። ነሐሴ 28 ቀን 1945 ሪኪ ለሦስት ሰዓት ያህል ያነጋገረው፣ ይልቁንም እየሰደበ የፈተነው፣ ስለ ክንዱ አልነበረም። ሲሰደብ ይችላል ወይ የሚለውን ነበር። ዕድሜውም 26 ደርሶ ነበር፤ ለጀማሪ የዘገየ ነው። ሪኪ ግን የተማረ፣ ከነጮች ጋር አብሮ የተጫወተ፣ የማይጠጣ ሰው እንደሚያስፈልገው ወስኖ ነበር። የክንዱን ነገር ቦታ በመለወጥ ተወጡት፤ በ1947 ሲጀምር ያቆሙት በፈርስት ቤዝ ነው።

ዋጋው 3,500 ዶላር ጉርሻና በወር 600 ዶላር ነበር። ለሞናርክስ የተከፈለ ግን አንድ ሳንቲም የለም። የነጮቹ ክለቦች እርስ በርስ የሚያከብሩትን ውል ለጥቁሮቹ ክለብ አላከበሩትም። ይህ የሪኪ ታሪክ ሲወደስ የሚዘለል ነው፤ መዘለል ግን አልነበረበትም። ክሊቭላንድ በ1947 ላሪ ዶቢን ሲወስድ ለክለቡ ከፍሏልና፣ መክፈል ይቻል ነበር።

ውጤቱ የታወቀ ነው። ሮቢንሰን በ1947 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ፣ በ1949 በ.342 አማካይ የሊጉ ኮከብ ሆነ። ከእርሱ ጋር ዶጀርስ በ10 ዓመት ስድስት ጊዜ የሊጉ አሸናፊ ሲሆን፣ በ1955 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ብሩክሳይድ ላይ ያሰናበተው ዋይት ሶክስ ደግሞ ከ1919 እስከ 1959 ድረስ አንድም ጊዜ ሊጉን አላሸነፈም፤ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ሚኒ ሚኞሶን ያሰለፈውም በ1951 ነው።

«ፍሪ ኤጀንት» የሚለው ቃል ራሱ ለተጫዋቾቹ ትርጉም ያገኘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እስከ 1975 ድረስ ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ የክለቡ ንብረት ነበር። ከርት ፍለድ በ1969 ያለፈቃዱ ወደ ሌላ ክለብ ሲዛወር እምቢ ብሎ ክስ መሠረተ፤ በ1970 ችሎት ቀርበው ከመሰከሩለት ጥቂቶች አንዱ ጃኪ ሮቢንሰን ነበር። ፍለድ በ1972 ተሸነፈ። በታኅሣሥ 1975 ግን አንዲ ሜሰርስሚዝ የተባለ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪና ዴቭ ማክናሊ በግልግል ዳኛ ፊት ነፃ ወጡ። ሮቢንሰን ይህን አላየም፤ በጥቅምት 1972 አርፏል።

ዛሬ የብሩክሳይድ የቤዝቦል ሜዳ በስሙ ይጠራል። ከፓሳዴና ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ደግሞ በ1997 የተመረቁ ሁለት ግዙፍ የነሐስ ራሶች አሉ፤ የሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። ጃኪ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ብሩክሊን ይመለከታል። በከተማው የቀረው ማክ ፊቱን ያዞረው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ነው።