ከነጂ ብሎን የሚወጣ ጥርስ ማውጫ

ሊድ ስክሩ የቶርኖ ማሽንን ሠረገላ ወይም የሞርሳን መንጋጋ ወዲያና ወዲህ የሚያንቀሳቅሰው ረጅም ብሎን ነው። ሥራው መንዳት ስለሆነ በአማርኛ «ነጂ ብሎን» ቢባል ይስማማዋል። ታፕ ደግሞ የተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ጥርስ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው፤ «የውስጥ ጥርስ ማውጫ» እንበለው። እዚህ የምናየው ከራሱ ከነጂው ብሎን ተቆርጦ፣ ለዚያው ብሎን አዲስ ዳዶ የሚሠራውን ጥርስ ማውጫ ነው።

ዘዴው እንደ ሱዳኗ ካርቱም መለዋወጫ በሚቸግርበት ቦታ ይጠቅማል። እኛ ቶርኖ የምንለውን የካርቱም ባለሙያ መኽረጣ፣ ዳዶውን ደግሞ ሳሙላ ይለዋል። ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በሚነፍስበት ከተማ ነጂ ብሎን ብዙ ይጎዳል። ደቃቁ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ ለስላሳው የነሐስ ዳዶ ውስጥ ሲቀበር ደግሞ ብሎኑንም ይበላል። መለዋወጫ ፍለጋው የባሰ ነው። ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የዘለቀው የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ የባንክ ዝውውርንና ዕቃ ማስመጣትን አክብዶት ነበር፤ ሚያዝያ 2023 የተነሳው ጦርነት ደግሞ ከተማዋን ራሷን አፈራረሳት። መለዋወጫ ቢገኝም ልኩ ላይገጥም ይችላል፤ አሮጌ የእንግሊዝ ማሽን ከሆነ የጥርሱ ልክ በኢንች ነው፣ የጥርሱም አንግል 29 ዲግሪ፤ የሚሊሜትሩ 30 ነው። አንዱ በሌላው አይተካም። ከብሎኑ የተቆረጠ ጥርስ ማውጫ ግን ልኩን ከእናቱ ይወርሳል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው።

ታዲያ ከየት ይቆረጥ? ዳዶው እምብዛም ከማይደርስበት ጫፍ። መሃሉ የተበላ ስለሆነ ስህተቱን ወደ አዲሱ ዳዶ ያሻግራል። ቁራጩ ቶርኖ ላይ ይሾላል፤ የዚህ ዓይነቱ ጥርስ ጥልቅ በመሆኑ ሹሉ ረጅም ሆኖ ሥራውን ለብዙ ጥርሶች ማከፋፈል አለበት። ከዚያ በቀጭን የግራይንደር ድንጋይ ሦስት ወይም አራት ቦይ በቁመቱ ይወጣል፤ ቦዩ ከጥርሱ ሥር ዝቅ ካላለ ፍቅፋቂው መውጫ ያጣና ይነክሳል። ሹሉ ላይ ከእያንዳንዱ ስለት ጀርባ በሞረድ ትንሽ ይነሳለታል፤ ይህ ከተዘለለ መሣሪያው ከመቁረጥ ይልቅ ይፈትጋል።

ማጠንከሩ በብረቱ ዓይነት ይወሰናል። ካርቦን የበዛበት ከሆነ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም በእሳት ይቀላል፣ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ ገጹ የገለባ ቀለም እስኪይዝ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ሞረድ ሲነካው ካንሸራተተ ጠንክሯል። ለስላሳ ብረት በዚህ መንገድ አይጠነክርም፤ ሆኖም ለናይለን ዳዶ ይበቃል፣ በጥንቃቄ ከተያዘ ነሐስም ይቆርጣል።

የቀዳዳው ስፋት ከብሎኑ ውፍረት ላይ የአንድ ጥርስ ርቀት ተቀንሶ ይገኛል፤ ለ8 ሚሊሜትር ብሎን ጥርሱ በ2 ሚሊሜትር ከተራራቀ ቀዳዳው 6 ነው፣ ጥቂት ቢሰፋ ደግሞ ሥራው ይቀላል። በሦስት አውታር (3D) ማተሚያ ላይ ያለው ቀጭን ብሎን ግን ብዙ ጊዜ አራት ጥርስ ጎን ለጎን የሚሄድበት ነው፤ በአንድ ዙር 8 ሚሊሜትር ስለሚጓዝ ገና ሲጀመር ቀጥ ብሎ መግባቱን መከታተል ግድ ነው። የቶርኖ የጎን መግፊያ ብሎንም ብዙ ጊዜ ጥርሱ ወደ ግራ የሚዞር ነው፤ እንዲህ ያለ ጥርስ ማውጫ ገበያ ላይ ማግኘት ስለሚከብድ ከራሱ መቁረጡ የበለጠ ዋጋ አለው።

አንድ ጉድለት አለው። ልኩ የብሎኑ ስለሆነ ዳዶው ጥብቅ ብሎ ይወጣል፤ ብሎኑ በነፃ እስኪዞር ድረስ በደቃቅ መፍጫ ቅባት ማለማመድ፣ ከዚያ ቅባቱን ፈጽሞ አጥቦ ማስወገድ ያስፈልጋል።