ላም ያላየው ቅቤ

ተረት ተረት ብል «የላም በረት» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የዛሬው ግን ተረት አይደለም። የቅቤ ነገር ነው፤ ላሚቱም በረቱም የሌሉበት።

ነገሩ የሆነው ኮተቤ፣ አክስቴ ቤት ነው። ጊዜው ሰሙነ ሕማማት፣ ዕለቱ ረቡዕ። ቀኑን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። አክስቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ።

«ማነው?»

«የባላገር ልጅ ነኝ እናቴ! ቅቤ ይዤ ነው።»

ሰውየውን ላሳያችሁ። ጋቢው ያደፈ፣ ጫማው የፕላስቲክ፣ ባቱ ላይ ጭቃ የደረቀበት። ትከሻው ላይ ዘንቢል፣ ዘንቢሉ ውስጥ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ። ሲናገር አንገቱን ይሰብራል። ሌሊት ተነስቶ ከሸኖ እንደመጣ ነገራት። ሸኖ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበቤ «የሸኖ ለጋ» ሲሉት እጁ ሳያስበው ቦርሳው ውስጥ ይገባል።

ኮባውን ገለጥ አደረገላት። ወዙ ሌላ! አክስቴ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ አሸተተች። የቅቤ ሽታ ነው። አልቀመሰችም። እንዴት ትቅመስ? ጾም ነው!

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ለፋሲካ ዶሮ ቅቤ የሚገዛው በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ የሚጾም ሰው ቅቤ ምላሱ ላይ አያኖርም። ገበያው በሚደራበት ሰዓት ቀማሽ የለም ማለት ነው። ይኼን ሳስብ ሰውየው ባሕረ ሐሳብ ሳይማር አይቀርም እላለሁ።

አክስቴ ስታመነታ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚያ ባለ ሰማያዊ በሯ እትዬ ሁለት ኪሎ ወሰደችልኝ። ለእርስዎ ብዬ ነው ያስተረፍኩት፤ አሁን መኪናው ጥሎኝ እንዳይሄድ።» ሚዛኑንም ከዘንቢሉ አወጣ። የራሱ ሚዛን፣ በራሱ እጅ የተንጠለጠለ።

እናቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ቅቤ ስትገዛ ቢላ ታስመጣ ነበር። መሀል ለመሀል ትሰካና ስባ አውጥታ ስለቱን ታያለች። አክስቴም ቢላው ትዝ ብሏት ነበር። ግን ይሉኝታ ያዛት። «ደሃ አምኖኝ ደጄ ድረስ መጥቶ እንደ ሌባ ልፈትሸው?» አለች በሆዷ። ሁለት ኪሎ ገዛች። እሱም «ዓመት ዓመት ያድርስዎ» ብሎ መርቋት ሄደ። ከሰጣት ነገር ሁሉ ያልተበረዘው ምርቃቱ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ሆነ። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው ተሰናድቷል፤ ድስቱ ተጣደ። ቅቤ ሲነጠር ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ አረፋ ይደፍቃል፣ ከዚያ ጸጥ ይልና እንደ ወርቅ ይጠራል። ይኼኛው አልጠራም። ከሥሩ እንደ ገንፎ ቡጭ ቡጭ አለ፣ ያዘ፣ አረረ። ቤቱን የሞላው ሽታ ሙዝ ነው። ዳር ዳሩ የጣት ውፍረት ያህል እውነተኛ ቅቤ፣ መሀሉ ከረጋ ዘይት ጋር የተለወሰ ሙዝ! አክስቴ ድስቱን ደፍታ፣ ዶሮዋን በዘይት ሠርታ፣ ለማንም ሳትናገር ፋሲካን ዋለች።

ማክሰኞ ቡና ተጠራሩ። ወሬው ሁሉ አለቀና ባለ ሰማያዊ በሯ ጎረቤት ስኒዋን እያሽከረከረች «ዘንድሮ ዶሮዬ ሙዝ ሙዝ አለችኝ» አለች። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ አክስቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አራት ቤት ነው የገባው። እዚህ ሲደርስ «እዚያ ገዙኝ» ይላል፣ እዚያ ሲደርስ «እዚህ»። ባለ ሰማያዊ በሯን «ባለ ጽዱ ግቢዋ እትዬ ወሰደችልኝ» ያላት አክስቴን ነው፤ አክስቴ በሯን ሳትከፍትለት በፊት!

እኔ የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ሕግ ጠቀስኩላት። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግም አታላይነት ቁጥር 692 ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ያስከስሳል፣ ያሳስራል። አክስቴ አዳመጠችኝና «15 ቀን? ከማን ነው የምጠይቀው?» አለች። አፌን ያዝኩ። አዋጁ ሻጭን የሚያስበው በር እንዳለው ሰው ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ በር ያላት እሷ ብቻ ናት።

ቅቤ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማሩ ስኳር፣ በርበሬው የጡብ ዱቄት፤ ቁጭ በሉዎቹም ስልክ ብለው ሳሙና ጠቅልለው ይሰጣሉ። አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ «ቆጣሪ ላንብብ» የሚልም አለ። ደጅ የሚመጣ ሁሉ ግን ሌባ አይደለም፤ በዚህ ከሚጨክኑት ጋር አልስማማም። ቆራሌውን እዩት፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማው እየጮኸ ነው የሚመጣው። ልዋጭ የሚሉትም እንደዚሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጎረቤቴን ስም የሚጠራው ነው።

ከዚያች ቡና በኋላ አራቱ ሴቶች ተማከሩ። ማንም ብቻዋን በር ላይ አትገዛም፤ ሻጭ ሲመጣ ባለ ቅርቧ ትጠራለች። ስሟ የተጠራው ጎረቤትም ራሷ ትጠየቃለች። ከሱቅ የተገዛ ያልተከፈተ አንድ ኪሎ ስኳር መጀመሪያ በሰውየው ሚዛን ላይ ይንጠለጠላል። ከቅቤው መሀል በማንኪያ ተወስዶ እዚያው ከሰል ላይ ይቀልጣል። ቢላው ደግሞ ከበሩ ጀርባ ተሰቀለ።

በዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ሁለት ሰው መጣ። የመጀመሪያው ቢላውን ሲያይ መኪናው ሊሄድበት እንደሆነ ትዝ አለው። ሁለተኛው ሳቀና ቢላውን ከአክስቴ እጅ ተቀብሎ ቅቤውን ራሱ ለሁለት ከፈለው። «እናቴ፣ አሁን ማን ይቅመስልኝ?» አለ።

ተያዩ። አክስቴ የልጅ ልጇን ጠራች። ልጁ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ገና ጾም አልጀመረም። ጣቱን ላሰ፣ ሰማይ ሰማይ አየ፣ «ይጨመርልኝ» አለ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ቀማሽ እሱ ነው፤ በየሕማማቱ አራት በር ይዞራል። ለመጪው ፋሲካ ግን ሰባት ዓመት ይሞላዋል፣ መጾም ይጀምራል። ሴቶቹ ከአሁኑ ሌላ ሕፃን እያፈላለጉ ነው።