አሥር ሰዓት በናኪቩቦ፦ የካምፓላ ደጋፊና የቴሌቪዥን መርሐ ግብር

ካምፓላ ውስጥ ኳስ የሚጀመረው አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ሰዓቱን የወሰነችው ፀሐይ ናት። ከምድር ወገብ ብዙም በማትርቀው በዚህች ከተማ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፤ ሜዳዎቿም ለረጅም ዘመን የምሽት መብራት አልነበራቸውም። አሥር ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ዕረፍቱና የባከነው ደቂቃ ተደምሮበት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ያልቃል። ደጋፊው ዓይን ለዓይን ሳይያያዝ ታክሲ ተራ ይደርሳል። ኡጋንዳውያን በሉጋንዳ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ስለሆነ አሥር ሰዓት ለእነሱም አሥር ሰዓት ነው።

የዚያ ልማድ ማዕከል ናኪቩቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 የተከፈተው ይህ ስታዲየም የሚገኘው መሀል ከተማ፣ ከኦዊኖ ገበያና ከአሮጌው ታክሲ መናኸሪያ አጠገብ ነው። ኦዊኖ ሰልባጅ የሚቸበቸብበት፣ ጫማ የሚጠገንበት፣ ሙዝና ባቄላ የሚራገፍበት ሰፊ ገበያ ነው። እዚያ የሚውል ነጋዴ ዕቃውን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ በእግሩ ጥቂት ደቂቃ ቢሄድ ትሪቡን ላይ ይቀመጣል፤ ለትራንስፖርት የሚያወጣው ገንዘብ የለም። ናኪቩቦን ሞቅ ያደረገው አንዱ ነገር ይህ ቅርበት ነው።

የኡጋንዳ ብሔራዊ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲጀመር የመጀመሪያው ሻምፒዮን የካምፓላው ፕሪዝንስ ክለብ ነበር። ከዚያ በኋላ የከተማዋ ልብ በሦስት ክለቦች ተከፈለ፤ በኤክስፕረስ፣ በከተማው ምክር ቤት ክለብ ኬሲሲና በኤስሲ ቪላ። እ.ኤ.አ. በ1978 ኡጋንዳ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሳ አክራ ላይ በጋና 2 ለ 0 ስትሸነፍ፣ ከውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢዎች አንዱ የኬሲሲው ፊሊፕ ኦሞንዲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ቪላ ለአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ፍጻሜ በቃ። የመልሱ ጨዋታ በሜዳው ሲካሄድ ቪላ ቱኒዝ ላይ 6 ለ 2 ተሸንፎ ነበር የመጣው፤ ከክለብ አፍሪካን ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ ዋንጫው አመለጠው። የካምፓላ ሰው ክለቡን ለማየት ከራሱ ከተማ መውጣት፣ የሌላ አገር ሰዓትም መጠበቅ የማያስፈልገው ዘመን ነበር።

ከማንችስተር የመጣ ሰዓት

ቪላ ለፍጻሜ ከበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የተወሰነ አንድ ነገር የካምፓላን ቅዳሜ ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው ፕሪሚየር ሊግ የቴሌቪዥን መብቱን በ304 ሚሊዮን ፓውንድ ለስካይና ለቢቢሲ ሸጠ። ስካይም ኦገስት 17 ቀን 1992 ማንችስተር ሲቲን ከኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ በሰኞ ምሽት አጫውቶ አዲስ ልማድ ጀመረ። እንግሊዛዊው ደጋፊ ለዘመናት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የለመደው ጨዋታ ለእሑድ፣ ለሰኞና ለቅዳሜ ቀትር ተበተነ። ከሩቅ ከተማ ክለቡን ተከትሎ የሚጓዝ ሰው የመመለሻ ባቡር ያጣው፣ አስቀድሞ የገዛው ትኬት ዋጋ ቢስ የሆነበት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። የእንግሊዝ ደጋፊዎች ማኅበራትም እስከ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ይሟገታሉ።

ይሁን እንጂ እንግሊዞች ለሜዳ ተመልካቻቸው አንድ አጥር አቆይተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የበርንሊ ክለብ ሊቀ መንበር የነበሩት ቦብ ሎርድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ በቀጥታ ከታየ የትንንሽ ክለቦች ሜዳ ባዶ ይቀራል ብለው የሥራ ባልደረቦቻቸውን አሳመኑ። በዚህ መነሻ በእንግሊዝ ቅዳሜ ከቀኑ 8፡45 እስከ 11፡15 በአገሩ ሰዓት የእግር ኳስ የቀጥታ ስርጭት ተከለከለ። ክልከላው የሚሠራው ግን በዚያው አገር ብቻ ነው። ማንችስተር የሚኖር ሰው ቤቱ ሆኖ ሊያየው የማይችለውን የቅዳሜ ጨዋታ ካምፓላ ያለ ሰው በቀጥታ ያየዋል። የእንግሊዝ ትንንሽ ክለቦች ከቴሌቪዥን የተከለሉበት ሰዓት ለኤክስፕረስና ለቪላ መከለያ አልሆነም።

ሰዓቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጠው ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። የእንግሊዝ የቅዳሜ ቀትር ጨዋታ በካምፓላ 8፡30 ወይም 9፡30 ላይ ይጀመራል፤ ዋናዎቹ የቅዳሜ ጨዋታዎች ደግሞ እንደ ወቅቱ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ። አሥር ሰዓት የሚጀመረው የኡጋንዳ ጨዋታ በሁለቱ መካከል ተቀርቅሮ ቀረ። ደጋፊው ናኪቩቦ ለመድረስ የመጀመሪያውን ሳይጨርስ መነሳት አለበት፤ ናኪቩቦ ከቆየ ደግሞ የሁለተኛው መጀመሪያ ያመልጠዋል።

ይህን ክፍተት የሞላው ኪባንዳ ነው፤ እኛ ዲኤስቲቪ ቤት የምንለው ዓይነት የቪዲዮ ቤት። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ይቆማል፤ በጠመኔ የቡድኖቹ ስምና የጨዋታው ሰዓት ይጻፍበታል። ውስጡ የእንጨት አግዳሚ፣ ከፊት ቴሌቪዥን፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ በር ላይ ሳንቲም የሚቀበል ልጅ። ሠፈር ውስጥ ስለሆነ ታክሲ አያስፈልግም፤ ዝናብም አያሰጋም። የናኪቩቦ ጥንካሬ የነበረው ቅርበትና ርካሽነት እንዲህ ወደ ኪባንዳ ተሻገረ።

አራት ከተሞች፣ አንድ ሊግ

ቴሌቪዥን የኡጋንዳን ኳስ ራሱን ማሳየት ሲጀምርም ሰዓቱ ወደ ባለቤቱ አልተመለሰም። መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ጂቲቪ የእንግሊዝን ሊግ በርካሽ ክፍያ ይዞ አፍሪካ ገባ። ካምፓላ እ.ኤ.አ. በ2008 ማብቂያና በ2009 መግቢያ ያስተናገደችውን የሴካፋ ዋንጫም ስፖንሰር አደረገ። ኡጋንዳ ጃንዋሪ 13 ቀን 2009 በፍጻሜው ኬንያን 1 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን አነሳች። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን ጂቲቪ ከስርሞ ስርጭቱ ተቋረጠ፤ ደንበኞቹ የገዙት ዲኮደር በየቤቱ ቆሞ ቀረ።

የደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርትም የኡጋንዳን ሊግ ጨዋታዎች አሳይቷል። ቀጥሎ የታንዛኒያው አዛም ቲቪ መጣ፤ ከ2015/16 ጀምሮ ሊጉ አዛም የኡጋንዳ ፕሪሚየር ሊግ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የቻይናው ስታርታይምስ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የ10 ዓመት ውል ፈረመ። በካምፓላ ቴሌቪዥን የኳሱ ገንዘብ በየተራ ከለንደን፣ ከጆሃንስበርግ፣ ከዳሬሰላምና ከቤጂንግ መጣ ማለት ነው።

ገንዘቡን መናቅ አይገባም። ደመወዝ መክፈል የሚያቅተው ክለብ ከስርጭት የሚያገኘው ድርሻ ትንሽም ብትሆን ሕይወቱ ናት፤ ተጫዋቹም በስክሪን ታይቶ ውጭ የመሄድ ዕድል ያገኛል። ነገር ግን ስርጭት የራሱ አሠራር አለው። ካሜራውን፣ ገመዱንና የምስል መቀላቀያውን የጫነው መኪና በአንድ ጊዜ ሁለት ሜዳ ሊቆም አይችልም። ሁለት ተፈላጊ ጨዋታዎችን ለማሳየት አንዱ ቀኑን ወይም ሰዓቱን መቀየር አለበት። ከእንግሊዝ ጨዋታ ጋር ላለመጋጨትም ጨዋታውን ወደ ሥራ ቀን መግፋት አማራጭ ሆነ። መብራት በሌለው ሜዳ የሥራ ቀን ጨዋታ ማለት ያው አሥር ሰዓት ነው፤ ነጋዴው ሱቁን፣ ሠራተኛው ቢሮውን፣ ተማሪው ክፍሉን ሊተውበት የማይችል ሰዓት።

ደጋፊው የሚያማርረው እዚህ ላይ ነው። ክለቡ በቴሌቪዥን መታየቱን አይጠላም። የሚያንገበግበው በቀን ገቢ የሚያድር ሰው ከቀጣሪው ያስፈቀደበት፣ ከጓደኞቹ ጋር መኪና የተከራየበት ጨዋታ ቀርቦ ሳለ ሲዛወር ማንም አለማማከሩ ነው። ቴሌቪዥኑ ካሳ ሊጠይቅበት የሚችል ውል አለው፤ ክለቡ ድርሻ አለው፤ ደጋፊው ግን ትኬት ብቻ ነው የያዘው።

ስታዲየሙን ያራቆተው ቴሌቪዥን ብቻ ነው ማለትም እውነት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2003 የውድድር ዘመኑ ማብቂያ ላይ ቪላ አኮል የተባለውን ክለብ 22 ለ 1 ሲያሸንፍ ሕዝቡ በሊጉ ላይ የነበረው እምነት ክፉኛ ተጎዳ። በ2012/13 በአስተዳዳሪዎች ጠብ አገሪቱ ሁለት ሊግ ጎን ለጎን አካሄደች። እ.ኤ.አ. በ2017 ናኪቩቦ ለመልሶ ግንባታ ሲፈርስ ክለቦቹ ከመሀል ከተማ ወጡ፤ ስታዲየሙ ተመልሶ የተከፈተው በ2024 ነው። ባለቤቱ ያላከበረውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። የራሱን ጨዋታ ክብር ያልጠበቀ ሊግ ከቴሌቪዥን ጋር ሲደራደር ሰዓቱን የሚያስከብርበት አቅም አይኖረውም።

ካባላጋላ

የካምፓላን የስክሪን ትሪቡን ስናነሳ የእኛን ሰዎች ሳናስታውስ ማለፍ አንችልም። ጁላይ 11 ቀን 2010 የስፔንና የኔዘርላንድ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በካምፓላ ከምሽቱ 3፡30 ሲጀመር፣ ካባላጋላ በሚገኘው ኢትዮጵያን ቪሌጅ ምግብ ቤት ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ኡጋንዳውያንና ሌሎችም በአንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ነበር። በክያዶንዶ ራግቢ ክለብም ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። አልሸባብ በሁለቱም ቦታ ባፈነዳው ቦምብ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቤታቸው ቴሌቪዥን ያላቸውም ጭምር የወጡት ከሌላው ጋር አብረው ሊያዩ ነበር። ስክሪን ፊት የሚሰበሰበው ሰው የሜዳው ደጋፊ ባላንጣ አለመሆኑን ያ ምሽት ይናገራል፤ ሁለቱም የሚፈልጉት በታወቀ ሰዓት አብሮ መሆንን ነው።

የእኛም ታሪክ ነው

ኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ ከካምፓላ በከበደ መልኩ አይታዋለች። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ከሱፐርስፖርት ባለቤት ከመልቲቾይስ ጋር በተፈራረመው የአምስት ዓመት ውል ከ22 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቶ ጨዋታዎቹ በሱፐርስፖርት መታየት ጀመሩ። ለሊጉ ትልቅ እመርታ ነበር። ነገር ግን ኮሮናም ተጨምሮበት፣ ካሜራውም የሚመጥን ሜዳ ስለሚፈልግ፣ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ብቻ እየዞረ መካሄድ ጀመረ። የዚያ ዓመት ከተሞች አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። በአንድ ሜዳ በአንድ ቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ጨዋታ ይደረግ ነበር፤ ረፋድ ላይ በሥራ ቀን የተደረገም አለ።

ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በዚያ ዓመት ነው። የጎንደር ሕዝብ ግን ዋንጫ ያነሳውን ክለቡን በዚያ የውድድር ዘመን አንድም ቀን በፋሲለደስ ስታዲየም የሊግ ጨዋታ ሲያደርግ አላየውም። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ በሚባሉት ትሪቡኖች የተለመደው ዜማም ጸጥ ያለባቸው ወራት መጡ። ኮሮና ካለፈ በኋላም ዙረቱ ለዓመታት ቀጠለ። ካምፓላ ሰዓቷን ስታጣ እኛ ሰዓቱንም ከተማውንም አጣን።

ማንም ሊለውጠው የማይችል ዕጣ ግን አይደለም። ጀርመን ውስጥ የሰኞ ጨዋታ በመጣ ጊዜ ደጋፊዎች ዝም አላሉም። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2018 አይንትራክት ፍራንክፈርት ላይፕዚግን ሲያስተናግድ የቴኒስ ኳስ ሜዳ ውስጥ ወርውረው ጨዋታውን አስተጓጎሉ። በሳምንቱ ዶርትሙንድ ከአውስቡርግ ሲጫወት ከ80 ሺሕ በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ከ55 ሺሕ በታች ተመልካች ነበረው። በዚያው ዓመት የሊጉ አስተዳደር በሚቀጥለው የስርጭት ውል የሰኞ ጨዋታ እንደማይኖር አስታወቀ። ባዶ ወንበር በቴሌቪዥንም ያስጠላል፤ ደጋፊው የሌለበት ጨዋታ ለአሰራጩም ዋጋው ይቀንሳል።

ካምፓላም ሕዝቧ ኳስ እንዳልጠላ አሳይታለች። ቪላ ከ20 ዓመት ጥበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ሊጉን አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር ቻን ሲመጣ የኡጋንዳ ጨዋታዎች በናምቦሌ ስታዲየም ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነበር የተካሄዱት፤ ሕዝቡም በብዛት ወጣ። ሰዓቱ ምሽት መሆኑ ብቻውን ችግር አይደለም። ሜዳው መብራት ካለው፣ ቀኑ አስቀድሞ ከታወቀና ቤት የሚያደርስ ትራንስፖርት ካለ ደጋፊው ይመጣል።

ስለዚህ በካምፓላም ሆነ በአዲስ አበባ በሚፈረም ማንኛውም የስርጭት ውል ውስጥ የደጋፊው ሰዓት አንቀጽ ሊኖረው ይገባል። ጨዋታ የሚዛወር ከሆነ ሳምንታት ቀድሞ ይነገር፤ ትኬቱ በተዛወረው ቀን ይሥራ ወይም ገንዘቡ ይመለስ፤ ውድድሩ ወደ ክለቦቹ ከተማ የሚመለስበት ቀን ይቆረጥ፤ ሰዓት ሲወሰን የደጋፊ ማኅበራት ወኪል በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጥ። ይህ ለአሰራጩ ብዙ ወጪ የለውም፤ ለሊጉ ግን ዕድሜ ነው። ከናኪቩቦ እስከ ፋሲለደስ ትሪቡኑን የሞላው ሕዝብ ክለቦቹን ያቆመው ካሜራ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ በውላቸውም ውስጥ ስፍራ ይገባዋል።