ስለ ሃይማኖት ነፃነት የተጻፈው የአሜሪካ ሕግ ቃሉ እንደ ምን እንደ ተለወጠ

በ1776 ዓ.ም. (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) የቨርጂኒያ እንደራሴዎች በዊሊያምስበርግ ከተማ ተሰብስበው የሰውን መብት የሚገልጽ ጽሑፍ ሲያዘጋጁ፥ ረቂቁን የጻፈው ጆርጅ ሜሰን የተባለ ባለ ርስት ነበረ። እርሱም ሰው ሁሉ እንደ ኅሊናው ሲያመልክ መንግሥት ፈጽሞ ይታገሠው የሚል አሳብ አገባበት። በጉባኤው የነበረ ጄምስ ማዲሰን የሚባል የ25 ዓመት ጎልማሳ ግን ይህን ቃል አልተቀበለውም። ከሁለት ዓመት በፊት በአጎራባች አውራጃ የባፕቲስት ሰባክያን ስለ ስብከታቸው መታሰራቸውን ሰምቶ፥ ኀዘኑን ለወዳጁ ጽፎ ነበርና። በእውነትም የሚታገሥ ሰው ትዕግሥቱ ያለቀ ቀን መከልከል ይችላል። ስለዚህ «መታገሥ» የሚለው ተፍቆ፥ ሰው ሁሉ ሃይማኖቱን በነፃነት ለመፈጸም እኩል መብት አለው ተብሎ ተጻፈ። የፊተኛው ቃል የሰጪውን ቸርነት፥ የኋለኛው የባለ መብቱን ርስት ያሳያል።

ይኸው ማዲሰን በ1789 ዓ.ም. ሰኔ 8 ቀን በኒው ዮርክ ለተሰበሰበው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሕገ መንግሥቱን ማሻሻያ አቀረበ። በረቂቁም ማንም ስለ እምነቱ የዜግነት መብቱ አይጉደል፤ የአገር ሃይማኖት ተብሎ አይመሥረት፤ የኅሊናም መብት በምንም ምክንያት አይደፈር ይል ነበር። ደግሞ ለብቻው፥ ግዛቶችም ቢሆኑ ኅሊናን፥ የጋዜጣን ነፃነትና በወንጀል ነገር የሚደረገውን የዳኞች ሸንጎ እንዳይነኩ የሚከለክል አንቀጽ ጨመረ። ከሁሉ ይበልጣል ያለው ይህን ነው።

የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ነሐሴ 24 ቀን 17 አንቀጽ አሳለፈ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ግን በሩን ዘግቶ መክሮ 12 አደረገው፤ የግዛቶቹን አንቀጽ ሰረዘ፤ ኅሊና የሚለውንም ቃል አወጣ። ስለ ሃይማኖት የቀረው፥ መንግሥት የእምነት አንቀጽንና የአምልኮ ሥርዓትን አይደንግግ የሚል ጠባብ ቃል ነበረ። እንዲህ ጸንቶ ቢሆን፥ መንግሥት ጸሎተ ሃይማኖትን ሳይነካ ለመረጠው ቤተ ክርስቲያን ግብር እሰበስባለሁ ቢል የሚመልሰው ባልተገኘ። ከሁለቱ ምክር ቤቶች ሦስት ሦስት ሰዎች፥ ማዲሰንም ከነርሱ አንዱ ሆኖ፥ ተቀምጠው ቃሉን አሰፉት፤ ሃይማኖትን መመሥረትን የሚመለከት ማናቸውም ሕግ እንዳይወጣ ተወሰነ። ኅሊና ግን አልተመለሰም።

ከ12ቱ አንቀጾች 10ሩ በ1791 ዓ.ም. ታኅሣሥ 15 ቀን ጸኑ፤ ሦስተኛ የነበረው የሃይማኖቱ አንቀጽም አንደኛ ሆነ። (ስለ እንደራሴዎች ደመወዝ የተጻፈው ሁለተኛው እስከ 1992 ዓ.ም. ቈይቶ ጸና።)

የተሰረዘው የግዛቶች አንቀጽ ጉዳቱ ወዲያው ታየ፤ በማሳቹሴትስ ለቤተ ክርስቲያን የሚከፈለው ግብር እስከ 1833 ዓ.ም. ቈየ። ግዛቶችን የሚያስር 14ኛው ማሻሻያ በ1868 ዓ.ም. ወጣ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ያለ ፈቃድ ለሃይማኖታችሁ ገንዘብ ለምናችኋል ተብለው በኮኔቲከት የተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች ይግባኝ ቢሉ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሃይማኖት ነፃነት ግዛቶችንም ያስገድዳል ብሎ ፈረደላቸው። ማዲሰን አንቀጹን ከጻፈ 151 ዓመት ሆኖ ነበር።