እንዝርት በሥዕልና በመዝገበ ቃላት

የእጅ ሥራ መሣሪያን በቃል ለመፍታት የሚቀመጥ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ፣ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው በአጠገቡ የለም። ይህን ጉድለት ያስታወሰን ከቤተሰባችን ጋር የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም የጐበኘንበት ቀን ነው። እንደሚታወቀው ሙዚየሙ በስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ በርካታ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይገኙበታል።

ከነዚሁ መካከል መልአኩ ገብርኤል ድንግል ማርያምን ሲያበሥር ከሚያሳይ ሥዕል ፊት ቆምን። ማርያም ትፈትላለች። ልጃችን «ክር ይዛለች» አለች። እናታችን ግን ቀረብ ብለው ተመለከቱና፣ «የለም ልጄ፤ በእጇ ያለው ባዘቶ ነው፤ ወደ ታች የሚወርደው ፈትል ነው፤ በእንዝርቱ ላይ የተጠቀለለው ልቃቂት ነው» ሲሉ አረሟት። ለልጅቱ አንድ ቃል የበቃው ነገር ለአያቲቱ ሦስት ነበር። እኛም በካርዳችን ላይ «እንዝርት፤ ክር መፍተያ እንጨት» ብለን ብቻ ማለፋችን ትዝ አለን።

የሥዕሉ ታሪክ ረጅም ነው። በያዕቆብ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ መጽሐፍ፣ ማርያም ለቤተ መቅደስ መጋረጃ የሚሆነውን ፈትል እንድትፈትል ዕጣ እንደ ደረሳት ይተርካል። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የ5ኛው መቶ ዓመት ሞዛይክም ስትፈትል ያሳያታል። በምዕራብ አውሮፓ ከጊዜ በኋላ ሠዓሊዎች እንዝርቱን በመጽሐፍ ሲተኩት፣ በአገራችን ግን በብዙ ሥዕሎች እንዝርቱ ከእጇ አልተለየም። በትውፊቱ የምትፈትለው ሐርና ወርቅ ነው፤ በፊታችን የነበረው እንዝርት ግን እናታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት የቤት እንዝርት ነበር።

ይሁን እንጂ ክብሩ ለእጅ ሥራ ሁሉ እኩል አልደረሰም። ፈትል የወይዛዝርትም ሥራ ሲሆን፣ ፈትሉን ተቀብሎ የሚሠራው ሸማኔ፣ እንዲሁም ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ይናቁ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው የንቀቱን ጥልቀት ያመለክታል። ቋንቋው ግን ከተናጋሪው ይልቅ ፍትሐዊ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሸማኔው እጅ በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ የሚያወጣውን ጌጥና የሊቁን ዕውቀት በአንድ ቃል «ጥበብ» ብሎ ይጠራልና።

ሌሎችም አሉ። ጥጥ ፍሬው ከተዳመጠ በኋላ በደጋን ይነደፋል፤ ጸሐፊና መሐንዲስም ሥራቸውን ይነድፋሉ፤ «ንድፍ» ዛሬ የታወቀ የሙያ ቃል ነው። የልቃቂት ጫፍ ውል ይባላል፤ ሁለት ሰዎች የሚዋዋሉትም ውል ነው። ነገር ሲወሳሰብ «ውሉ ጠፋ» የሚል ሰው፣ ልቃቂት አይቶ የማያውቅ ቢሆንም እንኳ የፈታዮችን ቋንቋ ይናገራል።

ስለዚህ የእጅ ሥራ ቃላትን የምንሰበስብ ሁሉ፣ እያንዳንዱን ስም ከሥራው ቅደም ተከተልና ከግሡ ጋር እንድንመዘግብ፣ ከተቻለም ሥዕል እንድናክልበት እናሳስባለን። ሥዕሉ የመሣሪያውን መልክ ጠብቆ አቆይቶልናል። ስሙን ግን በዚያች ዕለት ያገኘነው ከአንዲት እናት አንደበት ነው። ካርዳችንንም ወደ ቤት እንደ ተመለስን እሳቸው እየነገሩን አረምነው።