ከዊንዶውስ በፊት የሚነቃው ዘበኛ

ባለፈው ሰሞን ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ከፍርድ ቤት አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። የመሬት ክርክሩ፣ የቀለብ አቤቱታው፣ የውርሱ ጉዳይ፣ ስንት ነገር በእሷ ኮምፒውተር አልፏል መሰላችሁ።

«ስማኝማ፣ ኮምፒውተርሽ አርጅቷል አሉኝ» አለችኝ።

«ማን ነው ያለሽ እትዬ?»

«ራሱ ነዋ! ዊንዶውስ 11ን አይችልም የሚል ጽሑፍ አወጣ። አንድ ልጅ አየውና ሽጭው፣ አዲስ ግዢ አለኝ። በምኔ ነው የምገዛው?»

በስልክ እያስነበብኩ አጣራሁ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ነው። ራሙም ዲስኩም ይበቃል። ይሄ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን ይችላል! የጎደሉት ማዘርቦርዱ ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቲፒኤም እና ሴኪዩር ቡት። ሁለቱም ጠፍተው ነበር። ጠፍተው ስል እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ አምፖል ማለቴ ነው። እዚያው አሉ፣ ያበራቸው ሰው የለም።

ለምን ጠፍተው ኖሩ? ለምንስ ዛሬ ካልበሩ ተባለ? ይሄ ረጅም ታሪክ አለው። እናንተም የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ልጆች በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየጽሕፈት ቤቱ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ፊት ስለምትውሉ ከሥሩ ላውጋችሁ። የውጭውን ዓመት እ.ኤ.አ. እያልኩ እሄዳለሁ።

ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም አለ፤ ባዮስ ይባላል። ራሙን የሚፈትሸው፣ ኪቦርዱን የሚቀሰቅሰው፣ በመጨረሻም ዲስኩ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ተነሥ የሚለው እሱ ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ባዮስ አብሮት ነበር። ኮምፓክ የአይቢኤምን ኮድ ሳይገለብጥ ሥራውን ብቻ አስመስሎ የራሱን ጻፈ። ፊኒክስ የተባለ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዲህ ያለውን ባዮስ ለፈለገ አምራች ሁሉ ማቅረብ ጀመረ። ርካሽ ኮምፒውተር ዓለምን ያጥለቀለቀው ከዚያ በኋላ ነው። የእትዬም ኮምፒውተር የዚያ ዘር ነው።

ታዲያ ያ የድሮው ባዮስ የዋህ ነበር። ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ቁጭ ያለውን ኮድ ከየት መጣህ፣ ማን ጻፈህ ሳይል ያስነሣዋል። የመሸበት እንግዳ እንደሚያስገባ የአገራችን ባላገር በሉት። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታኗ ላሆር ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት «ብሬን» የተባለ ቫይረስ በዚሁ በር ገባ። የፍሎፒ ዲስኩ መነሻ ቦታ ላይ ይተኛና ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። (የሚገርመው ወንድማማቾቹ ስማቸውንና አድራሻቸውን ቫይረሱ ውስጥ ጽፈውት ነበር። የሠራነው ሶፍትዌር ያለፈቃድ እንዳይገለበጥ ብለን ነው አሉ።)

ከሁሉ የከፋው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ መጨረሻ 1999 ላይ መጣ። አንድ የታይዋን ተማሪ የጻፈው ቫይረስ የቼርኖቤል አደጋ በደረሰበት ዕለት እንዲፈነዳ ተቀጥሮ ነበርና ሰዎች ቼርኖቤል አሉት። ይሄኛው ፋይል አጥፍቶ አላቆመም። የባዮሱን ቺፕ ራሱን ደመሰሰው። እንዲህ የሆነ ኮምፒውተር ፎርማት ቢደረግ፣ ዲስክ ቢቀየር አይነሣም፤ የሚቀሰቅሰው ሞቷላ። በተለይ ደቡብ ኮሪያና ቱርክ ክፉኛ ተመቱ።

በዚያው በ1999 ኮምፓክ፣ ኤችፒ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ሐሳባቸው ከዋናው ፕሮግራም ተነጥላ ምስጢር የምትይዝ አንዲት ቺፕ በየኮምፒውተሩ ትግባ የሚል ነበር። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገና ተደራጀ፣ ቲፒኤም 1.2 የሚባለውም በዚያ ዓመት ወጣ። ዛሬ የሚጠየቀው ቲፒኤም 2.0 የተከተለው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ሁሉም አጨበጨበ ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ማይክሮሶፍት «ፓላዲየም» የሚል ዕቅድ ሲያሳውቅ ጩኸት ተነሣ። የካምብሪጁ ፕሮፌሰር ሮስ አንደርሰን ነገሩ ኮምፒውተሩን ከባለቤቱ እጅ አውጥቶ ለኩባንያዎች የሚያስረክብ ነው ብሎ ጻፈ። ሪቻርድ ስቶልማን ደግሞ «ታማኝ» የተባለውን ገልብጦ «ከዳተኛ» አለው። እኔ በዚህ ሙግት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከአንዱ ወገን ነኝ አልልም። በገንዘቤ የገዛሁት ዕቃ ውስጥ ሌላ ሰው የቀጠረው ዘበኛ ሲቆም ዘበኛው ለማን ነው የሚያድረው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለቱን እንለያቸው፤ ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከደብረ ታቦር የወጣ ደብዳቤ ጋይንት ቢደርስ መጀመሪያ የሚታየው ማኅተሙ ነው። ሴኪዩር ቡት ይሄንኑ የሚያደርግ በረኛ ነው። ዊንዶውስን የሚያስነሣው ኮድ የታወቀ ዲጂታል ማኅተም ካለው ያሳልፈዋል፣ ከሌለው ይመልሰዋል። ቲፒኤም ግን በረኛ አይደለም፤ የግምጃ ቤት ሹም ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደገባ ይመዘግባል፣ የዲስኩን ቁልፍም ይይዛል። መዝገቡ እንደወትሮው ካልሆነ ቁልፉን አይሰጥም።

ሴኪዩር ቡት የመጣው የድሮውን ባዮስ በተካው ዩኢኤፍአይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 8 ተብሎ የሚሸጥ አዲስ ኮምፒውተር ሁሉ ሴኪዩር ቡቱ በርቶ ይምጣ አለ። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎች ማኅተሙ የማይክሮሶፍት ብቻ ከሆነ እኛ የት ልንገባ ነው ብለው ደነገጡ። በኋላ ማይክሮሶፍት የሚያትምላት «ሺም» የምትባል ትንሽ መሸጋገሪያ ተሠርታ ነገሩ በረደ። ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ተጭኖባቸው የሚወጡ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ቲፒኤም 2.0 እንዲኖራቸው ግድ ሆነ። ለብቻው የሚሸጥ ማዘርቦርድ ላይ ግን ቲፒኤሙ ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። የተገጣጠመ ዴስክቶፕ የገዛችሁ ይቺን ልብ በሉ።

ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ዊንዶውስ 11 ሲተዋወቅ ዓለም ስለ ቲፒኤም የሰማው ገና ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ኮምፒውተራችሁን መርምሩበት ብሎ ያወጣው ፕሮግራም አትችልም ይላል እንጂ ምን እንደጎደለ በቅጡ አይናገርም ነበር፤ ሰው ሲያማርር በቀናት ውስጥ አነሡት፣ አሻሽለው መለሱት። በዚያ ግርግር ነጋዴው ለብቻዋ የምትሰካውን የቲፒኤም ቺፕ እየሰበሰበ ዋጋዋን ሰቀለው። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ቲፒኤሙ ፕሮሰሰራቸው ውስጥ ተኝቶ ነበር! ኢንቴል ፒቲቲ ይለዋል፣ ኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም ይለዋል። ማብራት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ዊንዶውስ 11 ለሕዝብ የወጣው መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባለው ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገብቶ ነበር፤ የኛ ሰው ያን ክረምት ስለ ኮምፒውተር የሚያስብበት ጊዜ አልነበረም።

እኛ ጋ ለምን ጠፍተው ኖሩ ወደሚለው ልመለስ። እኔ ኮምፒውተር የሚባለውን ያየሁት ወረዳኔትና የትምህርት ቤት ፕላዝማ በመጡበት ዘመን ነው። ያኔ ኤክስፒ፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ 7። ኮምፒውተር ትንሽ ሲንቀራፈፍ «ፎርማት አድርግልኝ» ነው ጸሎታችን። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ሴኪዩር ቡትን አያውቅም፤ በረኛው ካልተነሣለት አይገባም። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው ባዮስ ገብቶ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት፣ «ሌጋሲ» የሚለውን መምረጥ ነው። ዊንዶውስ 10 ሲመጣም እጅ ለምዶ ነበርና በዚያው ቀጠለ። ዲስኩም ኤምቢአር በሚባለው በድሮው አከፋፈል ተከፋፍሎ ቀረ። ማንንም አልወቅስም፤ እኔም ስንቱን ኮምፒውተር እንዲሁ አድርጌያለሁ።

ሌላም የያዘን ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የሚባል ፎንት ይዞ አማርኛን በወጉ ማሳየት የጀመረው በቪስታ፣ እ.ኤ.አ. በ2007። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በየጽሕፈት ቤቱ የነገሠው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ነው። በነሱ የድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ይሆናል። የእትዬ የቆዩ ማመልከቻዎች እንዲህ ናቸው። ለዚህ ነው ፎርማት ሲባል የምትደነግጠው፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው የለመደውን ዊንዶውስ የሙጥኝ የሚለው።

ዊንዶውስ 10 ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነጻ የደኅንነት ማሻሻያው አበቃ። ተመዝግቦ አንድ ዓመት ማራዘም አለ፤ እሱም ጊዜያዊ ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ስንቆይ ኮምፒውተሮቻችን ያለ ማሻሻያ፣ በፍላሽ ብቻ ፋይል እየተቀባበሉ ነው የከረሙት። የላሆሩ ፍሎፒ እኛ ጋ በፍላሽ መልክ ገና አለ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። እትዬን በስልክ እየመራሁ ባዮስ አስገባኋት፣ ፒቲቲውን አበራች። በመጀመሪያው ተደስቼ ሲኤስኤም የሚለውንም አጥፊው አልኳት፤ ሲኤስኤም ማለት አዲሱ ዩኢኤፍአይ የድሮውን ባዮስ መስሎ የሚሠራበት ነው፣ እሱ ሳይጠፋ ሴኪዩር ቡት አይበራም። የዲስኩን አከፋፈል ግን አልጠየቅኳትም። ሲነሣ ጥቁር ስክሪን! የሚነሣበት ዲስክ የለም አለ። ልጁ ከጎኗ ሆኖ «ሃርዱ ተቃጥሏል፣ ፎርማት ይደረግ» ሲል ይሰማኛል።

«እንዳትነካው!» አለችው። ከዚያ ለእኔ፣ ቀስ ብላ፣ «ነገ ይግባኝ የሚያስገቡ ሰዎች አሉኝ እኮ» አለችኝ።

ኔትወርኩ ተቋረጠ። እስኪነጋ አልተገናኘንም፤ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ስንገናኝ ሲኤስኤሙን መልሺው አልኳት። መለሰችው፣ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ። ይግባኙም በሰዓቱ ተጻፈ። ዲስኩ አልተቃጠለም ነበር፤ ኤምቢአር ዲስክ ላይ የተጫነ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ስለማይነሣ ነው።

በሳምንቱ በወጉ ሠራነው። አስቀድማ ሰነዶቿንም ፎንቶቿንም ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠች። «ኤምኤስኢንፎ 32» ብላ ከፍታ ባዮስ ሞድ የሚለው ላይ ሌጋሲ እንደሚል አየን። ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር በሚመጣው «ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ» በሚባል መሣሪያ ዲስኩን ፋይል ሳይጠፋ ወደ አዲሱ አከፋፈል ቀየርነው። ሲኤስኤም ከዚያ በኋላ ጠፋ፣ ሴኪዩር ቡት በራ። «ቲፒኤም ነጥብ ኤምኤስሲ» ሲከፈት 2.0 አለ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ቲፒኤምን «ክሊር» የሚል ቦታ ብታዩ ዝም ብላችሁ አትንኩ፤ ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ከነበረና 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር በእጃችሁ ከሌለ ፋይላችሁን ትሰናበታላችሁ። የባዮስ ማሻሻያም መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አይሞከርም፤ መሃል ላይ ከጠፋ ቼርኖቤል የሠራውን መብራት ኃይል ይሠራዋል።

እውነት ለመናገር ዘበኛው ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 «ብላክ ሎተስ» የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም ሴኪዩር ቡት በበራበት ዊንዶውስ 11 ላይ አልፎ ሲገባ ተገኝቷል። ማኅተሙም ዕድሜ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡት የማይክሮሶፍት ሰርተፍኬቶች ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 2026 ጀምሮ ጊዜያቸው ያልፋል፣ አዲሶቹ የሚመጡት በማሻሻያ ነው። ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹን አዘጋጅቶ መስፈርቱን መዝለል እንደሚቻልም አውቃለሁ። ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ያረጀበት ሰው ቢያደርገው አልፈርድበትም፤ ማሻሻያ ለወደፊቱ ይደርስሃል የሚል ዋስትና ግን የለውም። ቁልፉ እቤቱ ያለ ሰው በመስኮት የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም።

የእትዬ ኮምፒውተር አሁን ዊንዶውስ 11 ላይ ነው። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ደወለች፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ሄዶ፣ ቲፒኤሙም ተመልሶ ጠፍቶ ጠበቃት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። እሷ ካልተቀየረች መብራት በሄደ ቁጥር ያስተካከልነው ሁሉ ይጠፋል። እዚያ ጠይቃ አላገኘችም። እኔ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ መንገዱ ሲከፈት ወደ እስቴ የሚሄድ ሰው ካለ በውስጥ መስመር አሳውቁኝ፣ ከኪስ የማትከብድ ዕቃ ናት።