ጨዋታን የሚያቆየው ምንድን ነው? ከአንኮበር ግቢ እስከ ኢንተርኔት ሜዳ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ አንኮበር ይደርሳል። አንኮበር ከ18ኛው ምዕተ ዓመት አንሥቶ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ ግቢያቸውን ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲያዛውሩ፣ የአንኮበር ተራራም፣ ውሃዋም፣ አየሯም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚሰበሰብባት ሰው ነው። ከዚህም የተነሣ ከተማዪቱ ከቀድሞ ማዕረጓ ዝቅ ብላ ቀረች።

ይህን ማንሣቴ ስለ ከተማ ለመጻፍ ሳይሆን ስለ ጨዋታ ለመናገር ነው። ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት በብዙ ሰዎች መካከል የሚካሄዱ ጨዋታዎችን የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቻችን አንድ ጥያቄ ዘወትር ያሳስባቸዋል፤ ይኸውም ተጫዋችን ለአንድ ሳምንት ሳይሆን ለዓመታት የሚያቆየው ምንድን ነው? የሚል ነው። ብዙዎች መልሱን በሥዕሉ ውበት፣ በሽልማቱ ብዛት ወይም በደንቡ አዲስነት ይፈልጉታል። የአገራችን የጨዋታ ታሪክ ግን ሌላ መልስ ይሰጣል።

አስቀድመን ሰንጠረዥን እንመልከት። ዛሬ ቁጥር የምንደረድርበትን መስመር የምንጠራበት ቃል የዚህ ጨዋታ ስም ነበር። ሰንጠረዥ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ ወደ እኛ የደረሰ የቼዝ ዓይነት ነው። ገበታው ብዙውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ፣ በላዩ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ እየተሰፋ 64 ቤት ይወጣለት ነበር። ጠጠሮቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ እንደሚወዱ ጽፏል። በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከምኒልክ ጋር ጋብቻቸውን የፈጸሙት እቴጌ ጣይቱም በገና ደርዳሪና ሰንጠረዥ ተጫዋች እንደነበሩ ይታወቃል።

የዚህ ጨዋታ አንድ ጠባይ የዘመኑን መሐንዲስ ያስደንቃል። «ወረራ» በሚባለው የመክፈቻ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠብቁም፤ ከሁለቱ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል እያንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ስለዚህ መክፈቻን በቃል ሸምድዶ መምጣት ዋጋ የለውም፤ ዓይን ከባላጋራው እጅ ላይ መነሣት የለበትም። በዙሪያው የተቀመጠውም ሰው ዝም ብሎ አያይም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ይከራከራል። አሸናፊነትም ቢሆን ደረጃ ነበረው፤ በኃይለኞቹ ጠጠሮች፣ ማለትም በደር ወይም በፈረስ፣ ንጉሥን መያዝ ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ በደካሞቹ መያዝ ግን ያስከብር ነበር።

እንግዲህ ደንቡ ይህን ያህል የበለጸገ፣ ተጫዋቹም ይህን ያህል የተከበረ ጨዋታ ለምን ጠፋ? ስለ ሰንጠረዥ በ1971 እ.ኤ.አ. ሰፊ ጥናት ያሳተመው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ጨዋታው ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በኋላ መቋረጡን ይመሰክራል። በእኔ አስተያየት የመጥፋቱ ምክንያት ከደንቡ ጉድለት የመጣ አይደለም። ሰንጠረዥ ይበልጡን የግቢና የመኳንንት ቤት ጨዋታ ስለ ነበረ፣ ግቢው በ1928 ዓ.ም. ሲበተን በዙሪያው ተቀምጦ የሚመክረውና የሚጮኸው ሸንጎም አብሮ ተበተነ። ጨርቁና ጠጠሩ በየሣጥኑ ቢቀርም ጨዋታው አልቀረም።

ከዚህ አንጻር የገናን ጨዋታ እንይ። ገና የሚጠይቀው ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ አንዲት ሩርና ሰፊ ሜዳ ብቻ ነው። የተጫዋች ቁጥር አልተወሰነም፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው የወገኑን አሰላለፍ ሳይበጠብጥ ይገባል፤ የደከመው ወጥቶ ተመልካች ይሆናል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለው አባባል እንደሚያስረዳው፣ ለዚያች ቀን ማዕረግ ከሜዳው ውጭ ይቀመጣል። አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይወርፋል፤ የተወረፈው መንደርም ያንን ውርፊያ ዓመቱን ሙሉ ይዞት ይኖራል። በሚቀጥለው ታኅሣሥ 29 ቀን ወደ ሜዳው የሚመልሰው ሽልማት ሳይሆን ይህ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ገበጣም እንዲሁ ነው። እረኛ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጠጠር ለቅሞ፣ ከጓደኛው ጋር ይቀመጣል። ደንቡን የሚጠብቅ ግቢም ሆነ መጽሐፍ ስለሌለ እያንዳንዱ አካባቢ በራሱ መንገድ አሻሻለው፤ ፓንክኸርስት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል።

የውጭው ዓለም ተሞክሮም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል «መድ» የተባለውን የብዙ ሰው ጨዋታ ሲሠሩ ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የነበረው ጽሑፍ ብቻ ነው። ሆኖም ሰው ተሰበሰበበት። ባርትል በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው፤ እነርሱም ደረጃ ለማግኘት የሚጥሩ፣ ዓለሙን የሚመረምሩ፣ ወዳጅ የሚፈልጉና ሌላውን ለማጥቃት የሚመጡ ናቸው። ጨዋታው የሚጸናው በእነዚህ መካከል ሚዛን ሲጠበቅ መሆኑንም አስረዳ። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው «ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት» በ2010 እ.ኤ.አ. 12 ሚሊዮን ከፋይ ደንበኞች ደርሶ ነበር። በመጀመሪያ ዘመኑ ታላላቆቹን ውጊያዎች ለማሸነፍ አርባ ሰው በቀጠሮ መገናኘት ነበረበት። ያም ሰው የሚቀረው ለሽልማቱ ብቻ ሳይሆን ሠላሳ ዘጠኙን ባልንጀሮቹን ላለማሳፈር ጭምር ነው። ኋላም ብዙ ተጫዋቾች አሮጌው ጨዋታ እንዲመለስላቸው ስለ ጠየቁ ኩባንያው በ2019 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን ደንብ እንደገና አወጣ። አዲስነት ብቻ ሰውን የሚያቆይ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መጠበቅ ይገባል፤ ሰውን ማቆየትና ሰውን ማሰር አንድ አይደሉም። በዛሬው የእጅ ስልክ ጨዋታዎች ውስጥ ዛሬ ካልገባህ ያጠራቀምኸው ይቀርብሃል የሚል ማስፈራሪያ ተለምዷል። ይህም የተጫዋቹን ሰዓት ያበዛል፤ ወዳጁን ግን አያበዛለትም። ማስፈራሪያው የተነሣ ዕለት የሚመለስበት ምክንያት አይኖረውም። ገና ግን ሲመሽ ተጫዋቹን ወደ ቤቱ ያሰናብተዋል፤ ዓመት ሙሉም አይፈልገውም፤ ሆኖም ቀኑ ሲደርስ ሳይጠራ ይመጣል። ስለዚህ የጨዋታ ሠሪ መለካት ያለበት ሰው ስንት ሰዓት እንደ ተቀመጠ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠና ቢቀር ማን እንደሚፈልገው ጭምር ነው።

ከአገራችን ወጣት መሐንዲሶች መካከል ሰንጠረዥን በኮምፒዩተር ለማስነሣት የሚሻ ቢኖር ሥራው ከባድ አይሆንበትም፤ 64ቱን ቤትና የወረራውን ደንብ በአጭር ጊዜ ይጽፈዋል። ከባዱ ሥራ ዙሪያውን የሚቀመጠውን መካሪና ጯሂ መልሶ መሰብሰብ ነው። ለተመልካች መናገሪያ ስፍራ፣ ለጀማሪ መግቢያ በር፣ ለተሸናፊ የሚመለስበት ቀጠሮ ካላዘጋጀ የሠራው ጨዋታ ሳይሆን የቤተ መዘክር ዕቃ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ የኮምፒዩተር ሠሪዎች ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት እየሰፋች ስትሄድ መሬቱን የምንለካውና ፕላኑን የምንነድፈው እኛው ነን። የገና ሜዳ በፕላን ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ መስሎ ይታያል፤ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚሞላ ስፍራ ለመሐንዲስ ዓይን እንደ ብክነት ሊቈጠር ይችላል። ያ ሜዳ የታረሰ ወይም የታጠረ ዕለት ግን ዱላውና ሩሩ እንደ ሰንጠረዡ ጨርቅ ወደ ሣጥን ይገባሉ። መሰብሰቢያውን በሣርም ሆነ በሽቦ የምንዘረጋ ሰዎች፣ የጨዋታው ዕድሜ በእጃችን መሆኑን ልብ ልንል ይገባናል።